ወርቅ የተቀባውን ኬብል ከመግዛትህ በፊት ጠቅታውን ፈልገው

ጥያቄው፦ «ሰላም። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አለኝ። ባለ 8 ቻናል የማይክ ፕሪአምፕ (የማይክን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ዕቃ) በአንድ ኦፕቲካል ኬብል ከኦዲዮ ኢንተርፌሴ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር ከሚያስገባውና ከሚያወጣው ዕቃ) ጋር አገናኝቻለሁ። ለሞኒተር ስፒከሮቼ ደግሞ ያገለገለ ኮንቨርተር (ዲጂታሉን ወደ አናሎግ ድምፅ የሚለውጥ) ገዝቼ፣ ከኢንተርፌሱ የኤኢኤስ/ኢቢዩ ዲጂታል መውጫ በ10 ሜትር ተራ የማይክ ኬብል አስገብቼዋለሁ። ስቀዳ በየጥቂት ሰከንዱ ጠቅ የሚል ድምፅ አለ። የተቀዳውን በስልኬ ስሰማውም ጠቅታው አለ። የሱቅ ሰው ችግሩ የማይክ ኬብሉ ነው ብሎ ወርቅ የተቀባ ዲጂታል ኬብል አሳየኝ፤ ድምፅህም ይጠራልሃል አለኝ። ዋጋው የስቱዲዮዬን የወር ኪራይ ያህላል። ልግዛው? ለየትኛው መገናኛ የትኛው ኬብል እንደሚሆንም ብታስረዱኝ። የማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ዲጂታል ሚክሰርና ስቴጅ ቦክስ (መድረክ ላይ ማይኮች የሚሰኩበት ሳጥን) ሊገዛ ስለሆነ የዚያንም ጨምሩልኝ።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አትግዛው። ምክንያቱን ራስህ ጥያቄህ ውስጥ ጽፈኸዋል፤ «በስልኬ ስሰማውም ጠቅታው አለ» ብለሃል።

እስቲ የድምፁን መንገድ ተከትለን እንሂድ። ከማይክ ወደ ፕሪአምፕ ይገባል። ከፕሪአምፕ በኦፕቲካል ወደ ኢንተርፌሱ ይሄዳል። ከዚያ በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ ይቀዳል። አለቀ። ያ የማይክ ኬብል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ወደ ሞኒተር በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። እንስራው ከሞላ በኋላ የምትቀዳበት ኩባያ ቢቆሽሽ እንስራው ውስጥ ያለው ውኃ አይደፈርስም። ኬብሉ ቢበላሽ ጠቅታው ሞኒተር ላይ ብቻ ይሰማል እንጂ ፋይሉ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ያ ውድ ኬብል የሚተካው ጥፋት የሌለበትን ኬብል ነው።

ታዲያ ጠቅታው ከየት መጣ? እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኬብል አይደለም፤ ክሎክ፣ ማለትም የዕቃዎቹ ሰዓት ነው።

ዲጂታል ዕቃ ሁሉ ውስጡ የራሱ ሰዓት አለው። በ48 ኪሎኸርዝ ስትቀዳ ይህ ሰዓት በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት አንድ ሳምፕል፣ ማለትም አንድ የድምፅ ልኬት፣ ይወሰዳል። አንድ ዕቃ ብቻውን ሲሠራ ችግር የለም። ሁለቱን ስታገናኛቸው ግን የማን ምት ይከበር የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሁለት ከበሮ መቺዎችን በተለያየ ክፍል አስቀምጠህ እኩል ምቱ ብትላቸው፣ መጀመሪያ አብረው ይሄዳሉ፤ ቆይቶ አንዱ ይቀድማል። ዕቃዎቹም እንዲሁ ናቸው። ሰዓቶቻቸው ከሚሊዮን 5 ብቻ ቢለያዩ፣ በ48 ኪሎኸርዝ ላይ በየ4 ሰከንዱ ገደማ አንድ ሳምፕል ይተርፋል ወይም ይጎድላል። ጠቅ የሚልህ እሱ ነው። አንተም «በየጥቂት ሰከንዱ» ነው ያልከው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በል። ያለህ አንድ ኦፕቲካል ኬብል ነው። ብርሃኑ የሚሄደው ደግሞ ከፕሪአምፑ ወደ ኢንተርፌሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሪአምፑ የኢንተርፌሱን ምት የሚሰማበት መንገድ የለውም። መስማት የሚችለው ኢንተርፌሱ ነው። ፕሪአምፑን «ኢንተርናል» ላይ አድርገው። የኢንተርፌሱን ሶፍትዌር ክፈትና ክሎክ ሶርስ የሚለውን ከኢንተርናል (ከራሱ ሰዓት) ወደ ኤዳት (ያንተ ኦፕቲካል መገናኛ ስም ነው) ወይም ኦፕቲካል ቀይረው። የሁለቱም ሳምፕል ሬት አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ። የሲንክ ወይም የሎክ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ቀጥ ብሎ መብራት አለበት። ሥራው ይሄው ነው፤ አንድ ብር አያስወጣም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ሦስት አራት ኬብል ሲቀያይር አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ፕሪአምፑን አጥፍተህ ስትሠራ ክሎኩን ወደ ኢንተርናል መመለስ አትርሳ። አለበለዚያ ኢንተርፌሱ የሌለ ከበሮ ሲጠብቅ ይውላል። ኢንተርፌሱ ሁሌም ዋና ይሁን ካልክ ደግሞ፣ ሁለተኛ ኦፕቲካል ኬብል ከኢንተርፌሱ መውጫ ወደ ፕሪአምፑ መግቢያ ትስባለህ። ሁለቱም ዕቃ ወርድ ክሎክ (ምቱን ብቻ የሚያስተላልፍ መገናኛ) ካለው፣ ቢኤንሲ የሚባል ክብ ተጠምዛዥ መሰኪያ ባለው ኬብልም ይሆናል።

ጠቅታው የኬብል ይሁን የክሎክ በጠባዩ ትለየዋለህ። የክሎክ ጠቅታ ሥርዓት አለው፤ ኬብሉን ብትነካውም ባትነካውም ይመጣል። የኬብል ጠቅታ ሥርዓት የለውም፤ ስትነካው ይብሳል፣ አንዳንዴ ድምፁ ጭራሽ ጠፍቶ ይመለሳል። ብዙ ትራክና ፕለጊን ስትከፍት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ደክሟል ማለት ነው፤ በፈርህን (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚይዘውን የሳምፕል ብዛት) ከ64 ወደ 256 ከፍ አድርገው።

ሻጩ «ድምፅህ ይጠራልሃል» ስላለህ ነገር ልመለስ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

በአናሎግ ኬብል የሚሄደው ራሱ የድምፁ ሞገድ ነው። ኬብሉ የጨመረበትን ጉርምርምታ፣ የቀነሰበትን ቅጥነት ትሰማዋለህ። በዲጂታል ኬብል የሚሄደው ቁጥር ነው። ሰው ከመንገድ ማዶ ሆኖ ስልክ ቁጥር ጮኾ ቢነግርህ፣ የሰውየው ድምፅ ማማር ወይም መጎርነን ቁጥሩን አይለውጠውም። በትክክል ከሰማኸው ሰማኸው፤ ስልኩ ይጠራል። አንዷን አኃዝ ካሳሳትክ ሌላ ሰው ጋ ይደወላል። ዲጂታል ኬብልም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ከደረሰ የ200 ብሩም የ20,000 ብሩም ኬብል ያደረሰው ያው ቁጥር ነው። ካልደረሰ የምትሰማው ጠቅታ፣ መቆራረጥ ወይም ዝምታ ነው። ባሱ ትንሽ የሳሳ፣ የድምፃዊዋ ድምፅ ትንሽ የራቀ የሚባል ነገር የለም።

ይህን በእኔ ቃል ብቻ አትመን፤ ራስህ ሞክረው። ኢንተርፌስህ ኮአክሲያል (ክብ የአርሲኤ መሰኪያ ያለው) ዲጂታል መውጫና መግቢያ ካለው በኬብሉ መልሰህ አገናኛቸው። አንድ የተቀዳ ዘፈን በዲጂታል መውጫው አጫውት። በዲጂታል መግቢያው መልሰህ ቅዳው። ቮልዩም ዜሮ ዲቢ ላይ፣ ምንም ፕለጊን የለ፣ ሳምፕል ሬት አንድ ዓይነት። ከዚያ ዋናውንና ቅጂውን ጎን ለጎን አስቀምጥ፣ እስከ አንድ ሳምፕል ድረስ አስተካክላቸው፣ የአንዱን ፖላሪቲ ገልብጥና (የሞገዱ ላይ ታች፣ ታቹ ላይ እንዲሆን) አብረህ አጫውታቸው። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ይጣፋሉ፤ የድምፅ መለኪያው ሜትር ምንም አያሳይም። እኔ ይህን በአንዲት ቢጫ የቪዲዮ ኬብል ሞክሬዋለሁ። ከአሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ጋር የመጣች፣ ቀይ ነጭ ቢጫ ከሚባሉት ሦስቱ አንዷ። ሜትሩ ቁልቁል ወርዶ ቀረ። ፍጹም ጸጥታ። ከዚያ የተዋስኩትን ውድ ኬብል ሰካሁ፤ ያው ጸጥታ። ከጸጥታ በላይ ጸጥታ የለም።

ጂተር፣ ማለትም የምቱ መወዛወዝ፣ የሚባል ነገርም ይነሳብሃል። እውነት ነው፤ መጥፎ ኬብል የምቱን ጠርዝ ሊያወዛውዘው ይችላል። ነገር ግን የዛሬ ኮንቨርተሮች የሚገባውን ምት በራሳቸው መንገድ አጥርተው ነው የሚጠቀሙበት። ለመገናኛው የተሠራ፣ ርዝመቱ ልኩን የጠበቀ ኬብል ካለህ ይህ ጉዳይ እንቅልፍ አይንሳህ።

እንግዲህ «ለመገናኛው የተሠራ» ያልኩት ምን ማለት ነው? የዲጂታል ኬብል ምርጫ በሙሉ ያለው እዚህች ቃል ውስጥ ነው።

በ48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ የሚልክ አንድ ኬብል በሰከንድ ከ3 ሚሊዮን በላይ ቢት ያሳልፋል። ይህ የማይክ ድምፅ አይደለም፤ ወደ ሬዲዮና ቪዲዮ ሲግናል ይጠጋል። እንዲህ ያለ ፈጣን ሲግናል ኬብሉ ውስጥ ሲሄድ የኬብሉ ኢምፔዳንስ (ለፈጣን ሲግናል የሚያሳየው ተቃውሞ) ከመሰኪያውና ከተቀባዩ ዕቃ ጋር ካልተስማማ ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል። ልክ እንደ ገደል ማሚቶ። ገደሉ ፊት ቆመህ አንድ ቃል ብትጮኽ ማሚቶው ቢመልሰውም ይገባሃል። በፍጥነት ብዙ ቃል ብትጮኽ ግን የተመለሰው ከሚሄደው ጋር ይደበላለቃል። ገደሉ በራቀ ቁጥር፣ ማለትም ኬብሉ በረዘመ ቁጥር፣ ማሚቶው ቀጣዩ ቢት ላይ ይወድቃል። ኢምፔዳንስ የሚለካው በኦም ነው፤ ለእያንዳንዱ መገናኛ የተወሰነ ቁጥር አለው። ኬብል ስትገዛ የምትጠይቀው ስለዚህ ቁጥር ነው እንጂ ስለ ወርቁ አይደለም።

ወርቅ ጥቅም የለውም አላልኩም። ወርቅ አይዝግም። እርጥበት ባለበት አገር መሰኪያው እንዳይበላሽ ይረዳል። ከዚያ ያለፈ ሥራ የለውም። የኦፕቲካል ኬብል ጫፍ ወርቅ ተቀብቶ ሲሸጥ ግን አንድም ትርጉም አላገኘሁለትም። ብርሃኑ የሚያልፈው በመሐሉ ባለው ፕላስቲክ ነው፤ ዳር ዳሩን ያለው ብረት ሲግናሉን አይነካውም።

ከአንተው ኤክስኤልአር፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር የማይክ መሰኪያ፣ እንጀምር። ኤኢኤስ/ኢቢዩ 110 ኦም ኬብል ይፈልጋል። የማይክ ኬብል መሰኪያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል፤ ኢምፔዳንሱ ግን ለዚህ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል። ታዲያ የአንተ 10 ሜትር ይሠራል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ኤኢኤስ/ኢቢዩ ከ2 እስከ 7 ቮልት የሚልክ ጠንካራ ሲግናል ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ ብዙ ይታገሳል። ለ2 እና 3 ሜትር እኔም በማይክ ኬብል እሠራለሁ፤ አልጨነቅም። 10 ሜትር ላይ ሠርቶልኛል፤ ደንበኛ እየከፈለኝ ግን አልደፍረውም። 30 ሜትር ከሆነ አላስበውም። በ96 ኪሎኸርዝ መሥራት ስትጀምር ደግሞ በ48 ዝም ያለው ኬብል ሊያስቸግርህ ይችላል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሆኗልና።

ለመተካት ሩቅ አትሂድ። የመድረክ ላይት የሚሠሩ ልጆችን ጠይቅ። የላይት መቆጣጠሪያ የሚያገናኙበት የዲኤምኤክስ ኬብል ከ110 እስከ 120 ኦም ነው። ባለ ሦስት እግሩ መሰኪያ ከአንተው ጋር አንድ ነው፤ በቀጥታ ይሰካል። የዲኤምኤክስ ነው ተብሎ የማይክ ኬብል እንዳይሰጡህ ግን ላዩ ላይ የታተመውን አንብብ። ሌላው መንገድ የኔትወርክ ኬብል ነው። ካት 5ኢ 100 ኦም ነው፤ ለ110 በጣም ቅርብ ነው። መበየድ የምትችል ከሆንክ ከውስጡ አንድ ጥንድ ወስደህ ሁለት የኤክስኤልአር መሰኪያ ትበይድበታለህ። ሺልድ (ሽቦዎቹን የሚከልል የብረት ሽፋን) ያለውን ከመረጥክ ሺልዱን እግር 1 ላይ አስረው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ደግሞ ቤልደን 1800ኤፍ ወይም ሞጋሚ 3080 በለው፤ ሁለቱም ለዚሁ የተሠሩ 110 ኦም ናቸው። በሜትር ገዝተህ ራስህ ብትበይደው ሻጩ ካሳየህ ኬብል እጅግ ይረክስልሃል።

ኮአክሲያል ኤስፒዲፍ የሚባለው፣ በአርሲኤ መሰኪያ የሚሄደው፣ 75 ኦም ነው። ሶኒና ፊሊፕስ ሲዲን ይዘው በመጡበት ዘመን ያመጡት ነው፤ ስሙም ከሁለቱ ስም የተወሰደ ነው። ሲግናሉ ደካማ ነው፣ ግማሽ ቮልት ብቻ፤ ስለዚህ ከኤኢኤስ ይልቅ ለኬብል ይጠነቀቃል። ደስ የሚለው ነገር 75 ኦም ኬብል በየቤታችን ሞልቷል። ያቺ ቢጫዋ የቪዲዮ ኬብል 75 ኦም እንድትሆን ተደርጋ ነው የምትሠራው። ለ2 ሜትር ከበቂ በላይ ናት። ቀይዋንና ነጯን ግን አትመን፤ የአናሎግ ድምፅ ኬብሎች ስለሆኑ ማንም ኦማቸውን አልተቆጣጠረም። ለአንድ ሜትር ይሠሩ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ዕድል ነው።

ረዘም ያለ ከፈለግህ ወደ ጣሪያህ ቀና በል። የዲሽ ኬብል፣ አርጂ 6 የሚባለው፣ 75 ኦም ነው። ዲሽ የሚያስተካክሉ ልጆች በሜትር ይቆርጡልሃል። በሁለቱም ጫፍ የዲሹን መሰኪያ አስገብተህ ወደ አርሲኤ የሚለውጥ አዳፕተር ታደርግበታለህ። እኔ አንድ ክፍልና ሌላውን ክፍል በዚህ አገናኝቼ ዓመታት ሠርቻለሁ። አንድ ጉድለት አለው፤ ሐሞተ ደረቅ ነው፣ አይታጠፍም። መሐሉ ያለው ሽቦ ወፍራምና ድፍን ስለሆነ የዕቃውን ሶኬት እየጎተተ ያላላዋል። ከዕቃው ጀርባ ቀለበት አድርገህ አላልተህ ተወው እንጂ ወጥረህ አትስካው።

አርጂ 58 የሚባል ተመሳሳይ ጥቁር ኬብል አለ፤ እሱ 50 ኦም ነው። የሬዲዮ መገናኛና የድሮ ኮምፒውተር ኔትወርክ ኬብል ነው፤ ቢኤንሲ መሰኪያም ስላለው ለወርድ ክሎክ ሲሰካ አያለሁ። ለወርድ ክሎክም 75 ኦም ነው የሚያስፈልገው። ኬብሉን እጅህ ላይ አዙረህ ላዩ ላይ የታተመችውን ደቃቅ ጽሑፍ ካነበብክ ትለየዋለህ። አርጂ 59 ወይም 6 ካለ ውሰደው።

ከመዳብ ኬብል ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ጣጣ ልንገርህ። ኮአክሲያል ኬብል የሁለቱን ዕቃ ብረት ያገናኛል። ስቱዲዮህ ውስጥ ኧርዝ በደንብ ካልተሠራ፣ ወይም መብራት ሲጠፋ ግማሹ ዕቃ በጀነሬተር ግማሹ በኢንቨርተር የሚሠራ ከሆነ፣ ኡኡኡ የሚል ጉርምርምታ በአናሎጉ ክፍል ሊገባ ይችላል። ቁጥሮቹ አልተበላሹም፤ መሬቱ ነው የተጣላው። እንዲህ ሲሆን ኦፕቲካል መዳኛ ነው። በውስጡ ኤሌክትሪክ የለም፤ ብርሃን ብቻ ነው የሚያልፈው።

ኦፕቲካሉን ቀረብ ብለህ እየው። ቶሺባ በ1983 ያመጣው ነው፤ ቶስሊንክ የሚለው ስም ከዚያ መጣ። ውስጡ አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ክር አለ። አንዱን ጫፍ ዕቃው ላይ ሰክተህ ሌላውን ጫፍ ወደ መዳፍህ አቅርበው። ቀይ ነጥብ መዳፍህ ላይ ታርፋለች። ደማቅና ክብ ከሆነች ኬብሉ ጤነኛ ነው። ደብዛዛ ወይም ጎኗ የጎደለ ከሆነች ክሩ ውስጥ ውስጡን ተሰብሯል፣ ወይም ጫፉ ላይ አቧራ አለ። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረገው። ይህ ቀይ ብርሃን ዓይን አይጎዳም። የረጅም ርቀት የኔትወርክ ፋይበር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሌዘሩ ላይታይ ይችላል፣ በፍጹም ወደ ዓይንህ እንዳታቀርበው።

አዲስ ኦፕቲካል ኬብል ጫፉ ላይ ግልጽ የሆነች ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ አለችው። ሰው ሳያያት ሊሰካው ይሞክራል፤ እንቢ ሲለው ይገፋዋል፤ የዕቃውን በር ይሰብራል። መጀመሪያ አውልቃት። አትጣላት ግን፤ ኬብሉ ሲቀመጥ ከአቧራ ትከልለዋለች። ሲጠቀለልም ከሻይ ብርጭቆ አፍ በጠበበ ክብ አትጠቅልለው። መዳብ ቢታጠፍ ይመለሳል፤ ይሄ ክር አንዴ ከተቀነጠሰ አይመለስም። ርዝመቱን ከ5 ሜትር በታች አድርገው። ጥሩው 10 ሜትር ድረስ ይሄዳል፤ ስቱዲዮ ውስጥ ግን ምን ያደርግልሃል?

አንተ የተጠቀምከው ኤዳት ነው። አሌሲስ የሚባለው ኩባንያ ለቴፕ መቅጃው የፈጠረው ነው። በዚያችው ክር 8 ቻናል በ48 ኪሎኸርዝ ይሄዳል። ወደ 96 ከወጣህ 4 ቻናል ብቻ ይቀርሃል፤ ብዙ ሰው ቻናል 5 ጠፋብኝ ብሎ ኬብል የሚቀይረው ይህን ባለማወቅ ነው። ኬብሉ ከኤስፒዲፍ ኦፕቲካል ጋር አንድ ነው፤ ሌላ አትግዛ። ብዙ ኢንተርፌሶች ላይ ግን ያቺ ቀዳዳ ወይ ኤዳት ናት ወይ ኤስፒዲፍ፤ በሴቲንግ ትመረጣለች። የተሳሳተው ከተመረጠ ዝም ትላለች።

ስለ ዩኤስቢ ብዙ የምለው የለኝም። ከ5 ሜትር አታስበልጠው፤ ባጠረ ቁጥር ጥሩ ነው። ከኢንተርፌሱ ጋር የመጣውን ተጠቀም። ከጠፋብህ የስልክ ቻርጀር ኬብል አንስተህ አትሞክር፤ አንዳንዱ ውስጡ የኃይል ሽቦ ብቻ ነው ያለው፣ የዳታ ሽቦ የለውም። ኢንተርፌሱ መብራቱ በርቶ ኮምፒውተሩ ካላየው መጀመሪያ ይህን ጠርጥር።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ላውራህ፤ የጥንቃቄው ትልቁ ቦታ ይሄ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ጠቅ ቢል መልሰህ ትቀዳለህ። እሑድ ጠዋት ጉባኤው ተሰብስቦ 16 ቻናል በአንዴ ቢጠፋ ግን መመለሻ የለውም።

ዲጂታል ሚክሰርና ስቴጅ ቦክስ አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት በኔትወርክ ኬብል ነው። መጀመሪያ የምትገዙት ዕቃ የትኛውን ቋንቋ እንደሚናገር እወቁ። ለምሳሌ ቤሪንገር ኤክስ32 እና ማይዳስ ኤም32 ኤኢኤስ50 ይጠቀማሉ። በአንድ ኬብል 48 ቻናል ይሄዳል፣ 48 ይመለሳል። ይህ ኔትወርክ ይመስላል እንጂ ኔትወርክ አይደለም፤ በመሐል ስዊች ወይም ራውተር አይገባበትም፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ዳንቴ የሚባለው ሌላ ቋንቋ ደግሞ እውነተኛ ኔትወርክ ነው፤ በስዊች ያልፋል፣ ሺልድ የሌለው ጥሩ ካት 5ኢም ይበቃዋል፣ እስከ 100 ሜትር።

ኤኢኤስ50 ሺልድ ያለው ካት 5ኢ ይፈልጋል። ሺልዱ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ከብረት መሰኪያው ጋር መያያዝ አለበት። በፕላስቲክ መሰኪያ የታሰረ ተራ የቢሮ ኬብል ብትሰካበት ይሠራል፤ ክፋቱም ይሄ ነው። ልምምድ ላይ ይሠራል፣ ቅዳሜ ማታ ይሠራል። እሑድ ምንጣፍ የለበሰው መድረክ ላይ ሰው ይመላለሳል፤ ከእግሩና ከልብሱ የተጠራቀመው ስታቲክ ስቴጅ ቦክሱን ሲነካ ቷ ይላል። በዚያች ቅጽበት መገናኛው ተቋርጦ ይመለሳል። ማንም ምክንያቱን አያውቅም። ስለዚህ የብረት ኤተርኮን መሰኪያ (የኔትወርክ መሰኪያ በብረት ቀፎ ውስጥ) ያለው፣ ሺልድ ያለው ኬብል ብቻ ግዙ። እኔ ከ80 ሜትር በላይ አልስበውም።

ሌላው የመዳቡ ነገር ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ 60 ሜትር ኬብል ዘርግተን ነበር፤ አዲስ፣ ካርቶኑ ላይ ካት 6 ተብሎ የተጻፈበት። ስቴጅ ቦክሱ በየ20 ደቂቃው ይጠፋል። መሰኪያ ቀየርን፣ ዕቃ ቀየርን፣ ምንም። ዝግጅቱ ሊጀመር 2 ሰዓት ሲቀረው ጫፉን ቆርጬ አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አደረግኳት። ላይዋ ቀይ ነው፤ ውስጧ ነጭ፣ ብር የመሰለ። አሉሚኒየም ነበረች፤ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም። ሽቦዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲህ ወዲያ ሳጥፋት እጄ ላይ ተሰበረች። እንዲህ ያለው ሽቦ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የሚቃወምበት መጠን) የመዳቡን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያን ቀን በአሮጌ የመዳብ ኬብል አለፍነው። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ቁራጭ ሳይሰጠኝና ሳልፍቀው የኔትወርክ ኬብል አልገዛም። አንተም ምላጭ ይዘህ ሂድ። ሻጩ ቅር ይለው ይሆናል፤ በትሕትና «ለእግዚአብሔር ቤት ነው» በለው፤ ይፈቅድልሃል። ጥቅሉን በእጅህ መዝነውም፤ የአሉሚኒየሙ ቅልል ይልሃል።

የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብ የምትይዙ ከሆነ ሁለት አንድ ዓይነት ኬብል ግዙ። አንዱ ይዘርጋ፣ አንዱ ተጠቅልሎ መድረኩ ሥር ይቀመጥ። በውዱ ኬብል ዋጋ ሁለት ትክክለኛ ኬብል ገዝታችሁ የሚተርፍ ይኖራችኋል።

ዛሬ ማታ ግን አንድም ኬብል ሳትነካ ይህን አድርግልኝ። ፕሪአምፑ ኢንተርናል፣ ኢንተርፌሱ ኤዳት፣ ሁለቱም 48። የሎክ መብራቱ ቀጥ ብሎ ሲበራ፣ ማይኩን ክፍት ትተህ ዝም ያለውን ክፍል 10 ደቂቃ ቅዳ። ከዚያ ፋይሉን አጉላና እየው። ጠቅታ የነበረበት ቦታ ላይ የተቆረጠ መስመር ታያለህ ወይም አታይም። ካየህ፣ በስንት ሰከንድ እንደሚመላለስና የፕሪአምፕህን ሞዴል ጻፍልኝ፤ ከዚያ ኦፕቲካሉን በመዳፍህ ላይ እንመረምረዋለን።